የግራው ገጽ

ጸሐይ ዓይኗን ገልጣ የምታልም ሴት ናት። ሙገሳ አይደለም፤ የሚያውቋት ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያቀናው ዳገት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ስታነብ ሁለት ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብታለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ቆጣሪ ፍለጋ የሰው ሠርግ ድንኳን ገብታ፣ የሙሽራው አክስት መስላቸው ሲያስቀምጧት፣ እሷም በሐሳብ ጭልጥ ብላ ስለነበር፣ ምሳዋን በልታ እጇን ታጥባ ወጥታለች። ቆጣሪውን ሳታነብ መውጣቷ ትዝ ያላት ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

የቆጣሪ አንባቢ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቁጥር መልቀም ይመስላል። ቆጣሪ የሚቀመጠው ግን ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢ ለመግባት ደግሞ ሰው በሩን መክፈት አለበት። ስለዚህ ጸሐይ በሮችን ታውቃለች። የትኛው በድንጋይ እንደሚንኳኳ፣ የትኛው ተገፍቶ ሳይሆን ከፍ ተደርጎ እንደሚከፈት፣ የትኛው ቤት ውሻ ከመጮኹ በፊት እንደሚነክስ ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ከላይ ሲወርድ፣ አጥሩ የት እንዳበቃና ሰማዩ የት እንደጀመረ ሲምታታ፣ እሷ በጠባቦቹ መንገዶች ቀስ እያለች ትወጣለች። ከእግሯ ሥር በቧንቧው የሚሄደው ውሃ ይሰማኛል ትላለች። አይሰማም። እሷ ግን ቆም ብላ ታዳምጠዋለች፤ ይህ ሁሉ በር ከመሬት በታች በአንድ ክር የተሰፋ መሆኑን ስታስብ ደስ ይላታል።

በቦርሳዋ ውስጥ ወፍራም ደብተር አለ። የመሥሪያ ቤቷ አይደለም፣ የራሷ ነው። በቀኙ ገጽ የቤቱ መንገድ ይጻፋል፦ «ከቦኖው ማዶ፣ ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ ሰማያዊ በር፣ ሁለቴ ማንኳኳት።» በግራው ገጽ ደግሞ የቤቱ ጸሎት ይጻፋል፦ «ባልየው መጠጥ አብዝቷል። ልጅቷ ፈተና ወድቃ አልበላም ብላለች። አባትየው መርሳት ጀምረዋል።»

በእነ ጸሐይ ጸሎት ቤት ሐሜት የለም፤ ያለው የጸሎት ርዕስ ነው። የእከሌ ትዳር ተናጋ ብሎ ማውራት ኃጢአት ነው። ዓይንን ጨፍኖ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ «እንድትጸልዩበት ብዬ ነው እንጂ» ብሎ መናገር ግን አገልግሎት ነው። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልተገለጠ ገመና በሰፈሩ አለ ለማለት ይቸግራል። ነገሩ ያስቃል፤ ቢሆንም በዚሁ መንገድ ስንት የተራበ በልቷል፣ ስንት ብቸኛ ሰው ተጠይቋል። ጸሐይም የሰውን ገመና የምትለቅመው በክፋት አልነበረም። ሰው በሩን ከፍቶላት ቁጥሩን እስክታነብ አጠገቧ ይቆማል፤ አጠገቧ የቆመ ሰው ደግሞ ማውራቱ አይቀርም።

ባሏ አድነው የሞተው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቁርሱን በልቶ ካልሲውን ሲያደርግ ደረቱን ያዘ። አምቡላንስ ተጠራ። ሾፌሩ ደውሎ፦

«የት ጋ ናችሁ?» አላት።

«ከዳቦ ቤቱ ከፍ ብሎ።»

«የቱ ዳቦ ቤት?»

«ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረው።»

ሾፌሩ ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመቱ። የሳይረኑ ድምፅ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከወንዙ ማዶ እየመጣ አርባ ደቂቃ ዞረ። አራት መቶ በር የምታውቅ ሴት የራሷን በር ለአንድ ሾፌር ማስረዳት አቃታት። አድነው ያን ድምፅ እየሰማ ሞተ። ጸሐይ በሾፌሩ አልፈረደችም፤ በራሷ ግን ፈረደች። ከዚያ ወዲህ ደብተሯ ላይ መጻፏን አላቋረጠችም፤ እንዲያውም አበዛችው።

ሕልሙም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳገቱን ስትወጣ ከተማው በፊቷ ይለወጣል። የሰው ስም ሲጠራ በሩ ራሱ «አቤት፣ እዚህ ነኝ» የሚልበት ከተማ ይሆናል። ምጥ የያዛት ሴት «የት ጋ ነሽ» አትባልም። መድኃኒት የሚጠብቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው አስፋልት ድረስ አይወርዱም። ከሸጎሌ እስከ ሽሮ ሜዳ በሮቹ ሁሉ እንደ አንድ ሰፈር ሰው ይተዋወቃሉ፤ መንገድ የጠፋበትን አንዱ በር ለሌላው እየተቀባበለ ያደርሰዋል። በጉሙ ውስጥ በየበሩ ላይ አንዳንድ ትንሽ መብራት ይታያታል። ከመብራቶቹ አንዱ የእሷ በር ነው፤ አምቡላንሱ ሳይጮኽ፣ ሳይቸኩል፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ ይቆማል፤ አድነውም አንድ እግሩን ብቻ ካልሲ እንዳደረገ ይወጣል።

ሕልም ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሦስተኛ ጊዜ ቦይ ውስጥ ገብታ ነገሩ ያበቃ ነበር። ግን ሩቲ አለች። ሩቲ የጸሐይ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ አምስት፣ የተማረችው ኮምፒውተር። አብሯት ከሚዘምረው ከሲላስ ጋር ሆነው አንድ መተግበሪያ ሠሩ፤ ስሙን «ደጅ» አሉት። ንግድ ፈቃድ አወጡ፤ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ወንበር የሚከመርባትን ክፍል ለምነው ቢሮ አደረጓት። ዕቃ በሞተር የሚያደርስ ሰው ደጅን ከፍቶ የባለቤቱን ስም ሲጽፍ፣ መንገዱ በሰፈሩ ሰው አነጋገር ይነበብለታል። የጎደላቸው መረጃው ብቻ ነበር። ስልክ ላይ ባለው ካርታ ያ ዳገት አንድም ስም የሌለው ግራጫ መሬት ነው።

«መረጃውማ ቤታችን አለ» አለች ሩቲ። «እማዬ ቦርሳ ውስጥ።»

ሦስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጸሐይ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አነበበች፤ ልጆቹ ጻፉ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የአንዱን ቤት ቀኝ ገጽ ጨርሳ ወደ ግራው ስትዞር ሩቲ ጣቷን ከኪቦርዱ አነሣች።

«እማዬ፣ እሱም ይግባ?»

«ይግባ እንጂ። በር የሚያንኳኳ ሰው ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ ካላወቀ ምኑን መጣው? አባትየው መርሳት ጀምረዋል ካላላችሁት፣ ዕቃውን እሳቸው እጅ ላይ ትቶ ይሄዳል።»

«እውነታቸውን ነው» አለ ሲላስ። «እ... ማለቴ፣ ማስታወሻ የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ እናስገባዋለን። ሞተረኞቹም ይጸልዩላቸዋል፣ እትዬ ጸሐይ።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ሦስቱም ግን የምራቸውን ነበር። ሌላ ቤት ያደገ ሰው በዚያች ሳሎን ቢገኝ ኖሮ ተነሥቶ ኮምፒውተሩን ይዘጋው ነበር። እነሱ ያደጉት ግን ገመና ዓይን ጨፍነው ሲያወሩት ገመናነቱ በሚቀርበት ቤት ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት በር፣ ቀኙም ግራውም፣ ገባ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነትም ሕልም ይመስሉ ነበር። ሩቲ ስልኳን ይዛ ስትመጣ በዚያ ግራጫ መሬት ላይ ነጠብጣብ ብርሃን ተበትኖበታል። ጸሐይ በጣቷ እየነካች «ይቺ የቦኖዋ ናት፣ ይቺ ሰማያዊው በር ናት» ትላለች። ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም አንዲት ነርስ፣ ድሮ ግማሽ ሰዓት ዞራ የምታገኘውን የአራስ ቤት በአራት ደቂቃ አገኘችው። ጸሐይ ይህን የሰማችው በሥራ ላይ ሳለች ነው። አንድ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ደስታ ነበር፤ ግን አርፍዶ የመጣ ደስታ ነበር።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ለውሃ ቆጣሪ አንባቢ ይህ ማንም ባይነግራት ሊገባት ይገባ ነበር።

ውባለም የጸሐይ የሃያ ዓመት ጓደኛ ናት። ለሽሮ ሜዳ ባለሱቆች የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች፤ ከሸማኔ የወጣው ነጠላ ክሩ እንደተንጠለጠለ ይመጣላታል፣ እሷ ጭኗ ላይ እያሸች ታከረዋለች። በእሷ ግራ ገጽ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ልጇ ብሩኪ እስር ቤት ነው። በጠብ ሰው አቁስሎ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። ለጎረቤት ሐዋሳ ፋብሪካ ገብቷል ብላለች። ጌታ ያስፈታላት።» ይህን ከጸሐይና መተግበሪያው ውስጥ ካስገቡት ከሁለቱ ልጆች በቀር በሰፈሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ረቡዕ ጉልላት የሚባል ሞተረኛ የነጠላ ክምር ይዞ ውባለም ደጅ ቆመ። አራት ጎረቤቶች አጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ጉልላት ጨዋ ልጅ ነው፤ ማስታወሻ ሳያነብ በር አያንኳኳም። ዕቃውን አስረከበ፣ አስፈረመ፣ ከዚያ ሄልሜቱን አውልቆ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ እግዜር ልጅዎን ያስፈታልዎት። የእኔም ወንድም ታስሮ ያውቃል። ያልፋል፣ አይዞዎት።»

በክፋት የተነገረ ቢሆን ውባለም አፍ አላት፤ ትመልስለት ነበር። ደግነት ስለሆነ ግን ነጠላዎቹን አቅፋ ገባች፤ በሩንም ዘጋች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እስከ ምሳ ሰዓት ብሩኪ ሐዋሳ አለመኖሩ በሰፈሩ ተሰማ። ማታ ላይ ደግሞ ወሬው ከማን ደብተር እንደወጣ ታወቀ።

በማግስቱ ጸሐይ ለሥራ ስትወጣ በሮቹ አልተከፈቱም። ማንም አልሰደባትም። ከየበሩ ጀርባ ቁጥር ብቻ ይመጣል። «አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት። እኔው አንብቤልሻለሁ፣ አትድከሚ።» ድምፁ ትሑት ነው፣ መቀርቀሪያው ግን አይነሣም። ዳገቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ስለ እኔስ ምን ጽፋ ይሆን እያለ እንደሚያስብ ገባት። ጉሙ እንደ ወትሮው ወረደ፤ መብራቶቹ ግን አልታዩአትም። ውባለም በር ላይ ስትደርስ ሁለቴ አንኳኳች። የጫማ ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ በሩ ድረስ ደርሶ ቆመ። ሁለቱም በአንድ ቆርቆሮ ግራና ቀኝ ሆነው አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ ሰሙ። ከዚያ የጫማው ድምፅ ተመለሰ።

ጸሐይን ከአድነው ሞት በኋላ እንደዚያ ያለ ነገር አልነካትም። መተግበሪያው ቢቀር ይቀራል። ውባለምን አጥታ ግን በዚያ ዳገት ላይ መውጣትና መውረድ እንደማትችል አወቀች።

ሩቲ ማስታወሻዎቹን በዚያው ረቡዕ አጥፍታቸዋለች። ከስልክ ጠፉ፤ ከሰው ጆሮ የሚያጠፋ ግን እስካሁን አልተሠራም። ሲላስ ወንበር በተከመረባት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

«መጀመሪያውኑ ባለቤቶቹን መጠየቅ ነበረብን» አለ። «በቃ፣ ሰው በሩን ካልሰጠን ደጅ የሚባል ነገር የለም።»

«አሁን እንጠይቃቸዋ» አለች ሩቲ። «ይውጣ ያሉን ይወጣል። ይቆይ ያሉን ደግሞ ምን እንደሚጻፍ ራሳቸው ይንገሩን።»

«እኔ ነኝ የምሄደው» አለች ጸሐይ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ሁለት ሳምንት ከሥራ መልስ ዞረች። በየበሩ ቆማ ቆጣሪ ልታነብ እንዳልመጣች፣ ይቅርታ ልትጠይቅ እንደመጣች ተናገረች። መቶ ሠላሳ የሚሆኑት አውጭን አሏት፤ እያዩዋት አወጣቻቸው። አንዲት ባልቴት «ጆሮዬ ደከም ያለ ነው፣ ታገሡኝ በዪልኝ» አሉ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ውሻው አይናከስም፣ የምናከሰው እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ» ብሎ አሳቃት። የሳቀችው በብዙ ቀን አንዴ ስለነበር ጉንጯ እንግዳ ሆነባት። የመርሳት ችግር ያለባቸው አባት ልጅ ግን «ቀስ ብላችሁ አናግሯቸው፤ ያን ብቻ ጻፊ» አላት። ጸሐይ ያን ብቻ ጻፈች። በግራው ገጽ ሙሉ ከሞላችው ይልቅ ይቺ አንዲት መስመር እንደምትበልጥ ታያት፤ አፈረችም።

ውባለም ቀረች።

አርብ ከሰዓት ጸሐይ ወደ እሷ ሄደች፤ በሩን ግን አላንኳኳችም። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ውባለም ዕጣቢ ልትደፋ ወጣች፤ አየቻት፤ ውሃውን ደፋች፤ በሩን ግን ሳትዘጋው ገባች። ጸሐይ ተከትላት ገባች። ውባለም በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላውን ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ምን ልትጽፊ መጣሽ ደግሞ?»

«ምን ይጻፍ ልልሽ ነው።»

ውባለም ክሩን ሁለት ሦስቴ አሸችው። «ያንቺ በር ላይስ ምን ተጽፏል?»

ጸሐይ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ የራሷ በር ነው። መንገዱ አምሮ ተጽፏል፤ ማንም አምቡላንስ አይስተውም። ግራው ባዶ ነበር።

«ምንም አልተጻፈም።»

«ስልኩን ስጪኝ። ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ።»

ጸሐይ በመጀመሪያ ጉልበቴን ያመኛል ልትል አሰበች። እውነት ነው፤ ያማታል። ውባለም ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ስትጠብቃት ግን ያ እውነት አንደበቷ ላይ አልመጣላትም።

«ከአድነው ወዲህ አልጸልይም» አለች።

«ምን?»

«መጻፍ ብቻ ነው። ጸሎት ቤት እሄዳለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የሚመጣው ያ ሳይረን ነው። ለማንም አልጸለይኩም። ለብሩኪም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልጸለይኩም፣ ውባለም።»

ውባለም ጣቷን ከስልኩ አነሣች። ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት የሚሉት ይህን ይሆን፣ ማን ያውቃል።

«እኔኮ ስንቁን ይዤ ስሄድ» አለች ውባለም ቀስ ብላ፣ «እግሬ ሲዝል፣ ጸሐይ ትጸልይልኛለች እያልኩ ነበር የምበረታው።»

ጸሐይ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉን በሁለት ሳምንት አራት መቶ ጊዜ ብላዋለች፤ እዚህ ግን አነሰባት። አልቅሳም አልተቃለላትም። ውባለም ምንም ሳትጽፍ ስልኩን መለሰችላት፣ ክሯንም አነሣች።

«እሁድ ጠዋት ነው የማደርሰው» አለች። «ሁለት ታክሲ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሳህኑም ይከብዳል። ሐዋሳ ነው ብዬ ማንን ይዤ ልሂድ? ሦስት ዓመት ብቻዬን ሄድኩ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «አትጸልዪልኝ። ሳህኑን ያዢልኝ።»

«እሁድ ጠዋት...» ብላ ጀመረች ጸሐይ።

«አምልኮ እንዳለሽ አውቃለሁ።»

«እመጣለሁ» አለች ጸሐይ።

እሁድ ሁለቱ ሴቶች ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሳፈሩ። ጸሐይ በጨርቅ የተቋጠረውን ሳህን ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ሙቀቱ ቀሚሷን አልፎ ይሰማታል። በመስኮቱ ከተማው በጉም ውስጥ እየተንሳፈፈ ያልፋል፤ አዳዲሶቹ ፎቆች፣ የታጠሩት ቦታዎች፣ የተቆፈሩት መንገዶች። እንደ ልማዷ ልታልም አንድ ሁለቴ ቃጣት፤ ወጡ እንዳይፈስ ብላ ተወችው። ሁለተኛው ታክሲ ላይ ውባለም ወደ መስኮቱ ዞራ ተናገረች።

«የኔ በር መንገዱ ይቆይ። መንገዱ ከተቆፈረ ወዲህ ሰፈሩ ተለዋውጧል፤ ብሩኪ ሲወጣ በምን ያገኘዋል? ሌላው ግን ባዶ ይሁን።»

«ባዶ ይሆናል» አለች ጸሐይ።

የማረሚያ ቤቱ ሰልፍ አጥሩን ተከትሎ ይጠመዘዛል። ሰው ሁሉ እንደነሱ የተቋጠረ ነገር ይዟል፤ ሰው ሁሉ ወደ መሬት ያያል። ከፊታቸው ከዳገቱ የምትታወቅ አንዲት ሴት ቆማ ነበር፤ ዞራ አየቻቸውና ፊቷን መለሰች። ውባለም ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ጸሐይ ሳህኑን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ባዶ የሆነውንም እጅ በውባለም ክንድ ውስጥ አስገባች። ውባለም አልሳበችውም።

በሩ ላይ አንዲት ፖሊስ ትልቅ መዝገብ ዘርግታ ተቀምጣለች።

«የታራሚው ስም?»

ውባለም እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ስም እዚህ ቦታ የምትናገረው ጎንበስ ብላ፣ በሹክሹክታ ነበር።

«ብሩክ ወንድሙ» አለች ጸሐይ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማው አድርጋ።

ፖሊሷ ጻፈች። «የእርስዎስ ስም?» ጸሐይ ነገረቻት። መታወቂያዋን ተቀብላ አየችው፣ ስልኳን ጠየቀቻት፣ ወረዳዋን ጠየቀቻት፤ ሁሉንም በየመስመሩ አሰፈረችው። አንድ መስመር ቀራት።

«ለታራሚው ምኑ ነዎት?»

ውባለም አላየቻትም፤ ክንዷ ግን ጠበቅ አለ።

«ጎረቤቱ ነኝ» አለች ጸሐይ።

ፖሊሷ ጻፈችው፣ ሳህኑንም እንዲያስገቡ በእጇ አሳየቻቸው።